ቀበሌና አብዮት ጥበቃ፦ የደርግ ዘመን የጸጥታ አጠባበቅ በቂርቆስና በካዛንቺስ

በደርግ ዘመነ መንግሥት የአዲስ አበባ ቀበሌ የኪራይ ቤት አስተዳዳሪ፣ የመታወቂያ ሰጪ፣ የፍጆታ ዕቃ አከፋፋይ፣ ዳኛ፣ የታጠቀ ጠባቂና የእስር ቤት ኃላፊ ሆኖ ሠርቷል። እነዚህ ሥልጣኖች በአንድ ቅጥር ግቢ ውስጥ የተሰበሰቡት በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ሲሆን፣ መነሻቸውም የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ነው። ለነዋሪው የቤት ችግር መፍትሔ ይሆናል ተብሎ የተቋቋመው ማኅበር በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የቀይ ሽብር ዋነኛ መሣሪያ እስከ መሆን ደርሷል።

ይህ ጽሑፍ የቀበሌን የጸጥታ ሥራ አመጣጥ፣ አሠራሩንና ያስከተለውን የሕግ ተጠያቂነት በቂርቆስና በካዛንቺስ ዙሪያ በሚገኙ ታሪካዊ ሥፍራዎች መነሻነት ይዳስሳል።

አካባቢው

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የኢጣሊያ ወረራ ዘመን ነው። ኢንቺስ በሚል ምኅጻር የሚጠራው የኢጣሊያ ድርጅት ለቅኝ ገዥው አስተዳደር ሠራተኞች መኖሪያ ቤቶችን በሥፍራው ሠርቶ ነበር። «የኢንቺስ ቤቶች» የሚለው የኢጣሊያንኛ አጠራር በነዋሪው አንደበት ካዛንቺስ ሆኖ ቀርቷል። ከነፃነት በኋላ አካባቢው የመንግሥት ሠራተኞች፣ የነጋዴዎች፣ የወታደር ቤተሰቦችና አነስተኛ ገቢ ያላቸው ተከራዮች ተቀላቅለው የሚኖሩበት መንደር ሆነ። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ጽሕፈት ቤት በዚሁ አካባቢ መገኘታቸው ለሥፍራው ዓለም አቀፍ ገጽታ ሰጥቶታል።

በቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም የሚጠራው ሰፈር ደግሞ ከለገሀር ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ የተመሠረተ ነው። ዛሬ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚባለው የአስተዳደር ክልል በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ በ10 ክፍለ ከተሞች ስትዋቀር የተፈጠረ ሲሆን፣ በደርግ ዘመን አካባቢው በተለያዩ «ከፍተኛዎች» ሥር በሚገኙ ቀበሌዎች ተከፋፍሎ ይተዳደር ነበር።

ለደርግ ታሪክ ይህ ክልል የተለየ ቦታ አለው። ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. የጦር ኃይሎች፣ የፖሊስ ሠራዊትና የብሔራዊ ጦር አስተባባሪ ደርግ የተሰባሰበው ከመስቀል አደባባይ በስተደቡብ በሚገኘው በአራተኛ ክፍለ ጦር መምሪያ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን የወረዱት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ተነሥተው የተወሰዱትም ወደዚሁ ግቢ ነበር። መስቀል አደባባይም አብዮት አደባባይ ተብሎ የሥርዓቱ ታላላቅ ስብሰባዎች መድረክ ሆኗል።

ከአብዮቱ በፊት የነበረው አደረጃጀት

የአዲስ አበባ የጸጥታ ጥበቃ ከአራዳ ዘበኛ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ያደገ ነው። ከወረራው ማብቃት በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 6 ፖሊስ በሕግ የተቋቋመ ኃይል ሆኖ በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር ተደራጀ። በ1938 ዓ.ም. የተከፈተው የአባዲና ፖሊስ ኮሌጅም መኮንኖችን ማሠልጠን ጀመረ። ከፖሊስ ጣቢያው በታች በሰፈር ደረጃ አነስተኛ ክርክሮችን የሚያይ የአጥቢያ ዳኛ ነበር። ነዋሪው በበኩሉ በዕድር፣ በዕቁብና በሽማግሌ አማካይነት የራሱን ጉዳይ ያከናውን ነበር።

በገጠሩ ክፍል ደግሞ ወንጀል ፈጻሚው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሕዝብ ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን የሚናገርበት አውጫጭኝ የተባለ ልማዳዊ ሥርዓት ይታወቃል። የማኅበረሰቡ አባላት ጥፋተኛን በማውጣት ረገድ መሳተፋቸው ስለዚህ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አልነበረም። በ1969 ዓ.ም. የመጣው አዲስ ነገር በስብሰባው ላይ የተጠቆመውን ሰው የሚያስረው፣ የሚመረምረውና የሚቀጣው ያው ስብሰባውን የጠራው አካል መሆኑ ነው።

የቀበሌ ምሥረታ

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ በላይ መኖሪያ ቤት እንዳይኖረው ተከለከለ፤ ለመኖሪያ የሚሰጠው የከተማ ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። የቤት ኪራይ እንዲቀንስ ተደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሚደርስ ቤቶች በከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ማለትም በቀበሌ፣ እንዲተዳደሩ ሲወሰን ከዚያ በላይ የሆኑት በማዕከል ደረጃ ለተቋቋመው የኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ።

በቂርቆስና በካዛንቺስ አነስተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸው ቤቶች በብዛት ስለነበሩ አዋጁ በአብዛኛው ነዋሪ ዘንድ ተቀባይነት ማግኘቱ የሚያስገርም አይደለም። ትናንት ለባለቤት ኪራይ ይከፍል የነበረው ሰው በአንድ ቀን የቀበሌው ተከራይና የማኅበሩ መራጭ ሆነ። ቀበሌውም ከኪራይ በሚሰበስበው ገንዘብ መንገድ የመጠገን፣ የውኃ ቦኖ የማስገባትና መዋዕለ ሕፃናት የማቋቋም ኃላፊነት ተጣለበት። በማኅበሩ ሥር የተቋቋመው የፍርድ ሸንጎ መጀመሪያ ላይ የተሰጠው ሥልጣን ከቦታና ከቤት ጋር የተያያዙ ክርክሮችን ማየት ነበር።

በዚህ ደረጃ የቀበሌ አባልነት የጸጥታ ጉዳይ አልነበረም። ሆኖም የእያንዳንዱ ቤተሰብ ስም፣ የቤት ቁጥርና የነዋሪ ብዛት በአንድ መዝገብ መስፈሩ በኋላ ለመጣው የቁጥጥር ሥራ ዝግጁ መሠረት ሆኗል።

ከቤት አስተዳደር ወደ ትጥቅ

በ1969 ዓ.ም. መጀመሪያ የወጣው አዋጅ ቁጥር 104/1969 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን እንደገና አደራጅቶ በቀበሌ፣ በከፍተኛና በማዕከላዊ ማኅበር ደረጃ አዋቀራቸው። የፍርድ ሸንጎዎቹ ሥልጣን ሰፋ። በየቀበሌው የሕዝብ ደኅንነት ኮሚቴና የአብዮት ጥበቃ ጓድ እንዲኖር ተደረገ። በአዲስ አበባ 25 ከፍተኛዎች የነበሩ ሲሆን፣ የቀበሌዎቹ ቁጥር በ1970ዎቹ 284 ነበር።

ለውጡ የመጣው የፖለቲካ ድርጅቶች በከተማዋ ውስጥ በመሣሪያ መፋለም በጀመሩበት ወቅት ነው። የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ (ኢሕአፓ) ሕዝባዊ መንግሥት በአስቸኳይ እንዲመሠረት ሲጠይቅ፣ የመላው ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ (መኢሶን) ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ በመስጠት በሕዝብ ድርጅት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት በኩል በቀበሌዎች ውስጥ ተጽዕኖ አግኝቶ ነበር። መስከረም 13 ቀን 1969 ዓ.ም. በሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ የግድያ ሙከራ ተደረገ። በዚያው ወር የመኢሶን አመራር አባል የነበሩት ፍቅሬ መርዕድ ተገደሉ። በቀጣዮቹ ወራት የቀበሌ ሊቃነ መናብርትና ካድሬዎች የኢሕአፓ የከተማ ታጣቂዎች የጥቃት ዒላማ ሆኑ።

ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. የደርግ ሊቀመንበር የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲና ሌሎች የደርግ አባላት በቤተ መንግሥት ውስጥ ተገድለው መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሥልጣኑን ጠቅልለው ያዙ። ከዚህ ዕለት በኋላ የአብዮት ጥበቃ ጓዶችን የማስታጠቁ ሥራ በይፋ ተፋጠነ። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ በአብዮት አደባባይ ባደረጉት ንግግር ቀይ ፈሳሽ የያዙ ጠርሙሶችን ሰብረው የጠላቶቻቸው ደም እንደሚፈስ ማስታወቃቸው በሰፊው የሚታወስ ነው።

የአሠራሩ ሰንሰለት

የአብዮት ጥበቃ አባላት ከሰፈሩ ነዋሪ መካከል የሚመለመሉ ነበሩ። ብዙዎቹ ወጣቶች፣ ሥራ ያልነበራቸው ወይም በአነስተኛ ገቢ የሚተዳደሩ ሲሆኑ፣ የተሰጣቸው የወታደራዊና የፖለቲካ ሥልጠና አጭር፣ የሕግ ሥልጠናው ግን ከናካቴው የሌለ ነበር። ሥራቸው ሌሊት መንገድ መዝጋት፣ ሰዓት እላፊ ማስከበር፣ እንግዳ ያደረበትን ቤት መጠየቅ፣ መታወቂያ መመርመርና ተጠርጣሪ መያዝ ነበር። ተራው ነዋሪም ሮንድ እየተባለ በሚጠራው የሌሊት ጥበቃ ተራ ይገባ ነበር።

በጥቅሉ አሠራሩ አራት ደረጃዎች ነበሩት። የመጀመሪያው ጥቆማ ነው። ጥቆማ ከጎረቤት፣ ከሥራ ባልደረባ፣ ከታሠረ ሰው ምርመራ ወይም በስብሰባ ላይ ከሚደረግ «ማጋለጥ» ይገኝ ነበር። የመንግሥት ሠራተኞችም በየመሥሪያ ቤታቸው በሚጠራው ስብሰባ ራሳቸውንና ባልደረቦቻቸውን እንዲያጋልጡ ይገደዱ ነበር። በመኖሪያ ሰፈሩ ያልተጠቆመ ሠራተኛ በመሥሪያ ቤቱ ሊጠቆም ይችል ስለነበር፣ ከአንዱ መዝገብ ወጥቶ በሌላው ያለመግባት ዋስትና አልነበረም።

ሁለተኛው አሰሳ ነው። በመጋቢት ወር 1969 ዓ.ም. በመላ አዲስ አበባ ለቀናት የቆየ የቤት ለቤት ፍተሻ ተካሄደ፤ በሚያዝያ መጨረሻም ተደገመ። ነዋሪው ከቤቱ እንዳይወጣ ታዝዞ ወታደሮችና የቀበሌ ታጣቂዎች የጦር መሣሪያ፣ የማባዣ መሣሪያ፣ የጽሕፈት መኪና፣ የድርጅት ጽሑፍና ያልተመዘገበ ሰው ይፈልጉ ነበር። የቀበሌው የነዋሪዎች መዝገብ ዋና ጥቅም በዚህ ጊዜ ታየ። በመዝገቡ ላይ የሌለ ወጣት በቤቱ ውስጥ መገኘቱ ብቻውን ለመያዝ በቂ ምክንያት ይሆን ነበር።

ሦስተኛው እስርና ምርመራ ነው። የቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች በአብዛኛው ከግለሰቦች የተወረሱ መኖሪያ ቤቶች ስለነበሩ ለእስር የተዘጋጀ ክፍል አልነበራቸውም። መጋዘን፣ ጋራዥና የአገልጋይ ክፍል እስር ቤት ሆኑ። ከበድ ያለ ጉዳይ አለበት የተባለ ሰው ከቀበሌ ወደ ከፍተኛ፣ ከዚያም ወደ ደርግ ምርመራ ወይም ወደ ማዕከላዊ ምርመራ ይተላለፍ ነበር። የመጨረሻው መድረሻ በተለምዶ ዓለም በቃኝ የሚባለው ክፍል የሚገኝበት ከርቸሌ ነበር። በየደረጃው የውስጥ እግር ግርፋትን ጨምሮ ልዩ ልዩ የማሠቃያ ዘዴዎች በሥራ ላይ ይውሉ እንደነበር በኋላ በፍርድ ቤት የቀረቡ ምስክሮች አረጋግጠዋል።

አራተኛው «ነፃ እርምጃ» በሚል ስም የሚታወቀው ያለ ፍርድ ግድያ ነው። ቃሉ በመንግሥት ጽሑፎችና በመገናኛ ብዙኃን በይፋ ይሠራበት ነበር። አንድ ባለሥልጣን ወይም የቀበሌ ታጣቂ ክስ ሳይመሠርት፣ ማስረጃ ሳያቀርብና የፍርድ ቤት ውሳኔ ሳይጠብቅ ሰው መግደል እንዲችል የሚፈቅድ አሠራር ነበር። የተገደሉ ወጣቶች አስከሬን በመንገድ ዳር ተጥሎ ማለዳ ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት ለሚሄደው ሕዝብ መቀጣጫ እንዲሆን ይደረግ ነበር። ሐዘን መቀመጥና ማልቀስ ይከለከል እንደነበር፣ አስከሬን ለመውሰድም የጥይት ዋጋ የተጠየቁ ቤተሰቦች እንደነበሩ ከዘመኑ የተረፉ ሰዎች ተናግረዋል። ዕድሩ የቀበረውን ሰው ዕድርተኛ በይፋ የማያለቅስበት ጊዜ በአዲስ አበባ ሰፈሮች ከዚያ በፊት አልታወቀም።

የሜይ ዴይ ዋዜማ በሆነው ጊዜ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 1969 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ ሰልፍ የወጡ ወጣቶችና ተማሪዎች በጅምላ ተገድለዋል። ከሟቾቹ ውስጥ ዕድሜያቸው ለአካለ መጠን ያልደረሰ ይገኙበታል። በቀይ ሽብር በመላ አገሪቱ የተገደሉት ሰዎች ቁጥር በተለያዩ ወገኖች ከአሥር ሺዎች እስከ ግማሽ ሚሊዮን ድረስ ይገመታል።

የበላይ ቁጥጥር ችግር

መንግሥት የቀበሌ ታጣቂዎች ከመስመር መውጣታቸውን ያመነባቸው ጊዜያት ነበሩ። በአራት ኪሎ አካባቢ የቀበሌ ሊቀመንበር የነበረው ግርማ ከበደ በፈጸማቸው ግድያዎች ምክንያት በ1969 ዓ.ም. ተይዞ በሞት ተቀጥቷል። ከገደላቸው መካከል የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሠራተኞች ይገኙበታል። ይሁን እንጂ ቅጣቱ ያረፈው በግለሰቡ ላይ ነው። ለግለሰቡ ሥልጣኑን የሰጠው አሠራር ከዚያ በኋላም ቀጥሎ፣ የቀይ ሽብር እጅግ አስከፊው ምዕራፍ በ1970 ዓ.ም. ተፈጽሟል። መኢሶንም ነሐሴ 1969 ዓ.ም. ከደርግ ተለይቶ ኅቡዕ ሲገባ ቀደም ሲል በቀበሌ ውስጥ ሲያሳድዱ የነበሩ አባላቱ በተራቸው ተሳዳጅ ሆነዋል።

መደበኛው ፖሊስ በዚህ ሁሉ ጊዜ አልፈረሰም። ስርቆትን፣ የትራፊክ አደጋንና የተለመዱ ወንጀሎችን መከታተሉን ቀጥሏል። የፖለቲካ ጉዳይ በተባለው ሁሉ ግን ፖሊስ ጣቢያው ከቀበሌው ታጣቂ በታች ሆነ። በቀበሌ የተያዘ ሰው ቤተሰብ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ቢሄድ አቤቱታውን የሚቀበል አልነበረም፤ ወደ ፍርድ ቤት ቢሄድም እንደዚሁ። ለፖለቲካ ወንጀል በ1967 ዓ.ም. የወጣው ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግና ልዩ የጦር ፍርድ ቤት ነበሩ። በተግባር ግን አብዛኞቹ የቀይ ሽብር ሰለባዎች በዚህ ልዩ ፍርድ ቤት ፊት እንኳ አልቀረቡም።

የሶቪየት ምሳሌ

«ቀይ ሽብር» የሚለው ስያሜ የተወሰደው ከሩሲያ አብዮት ነው። የቦልሼቪክ መንግሥት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 20 ቀን 1917 ፀረ አብዮትንና ሻጥርን የሚዋጋ ቼካ የተባለ ልዩ ኮሚሽን አቋቋመ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 30 ቀን 1918 በሌኒን ላይ የግድያ ሙከራ ሲደረግና በዚያው ዕለት የፔትሮግራድ ቼካ ኃላፊ ሲገደል፣ መንግሥት መስከረም 5 ቀን ቀይ ሽብርን በይፋ ዐወጀ። ቼካ መርማሪ፣ ፈራጅና ቅጣት ፈጻሚ ሆኖ ከመደበኛ ፍርድ ቤት ውጪ ሠርቷል። የወረዳ ቼካዎች በፈጸሙት በደል ከራሱ ከፓርቲው ውስጥ ጭምር ተቃውሞ ስለተነሣ እ.ኤ.አ. በ1919 መጀመሪያ እንዲዘጉ ተወሰነ። ኮሚሽኑም እ.ኤ.አ. በ1922 በሌላ ተቋም ተተካ።

የግድያ ሙከራን ተከትሎ የመጣ እርምጃ መሆኑና ምርመራን ከፍርድ ጋር ማጣመሩ ሁለቱን ያመሳስላቸዋል። ልዩነታቸውም ጉልህ ነው። ቼካ ከመነሻው የደኅንነት መሥሪያ ቤት ሆኖ የተቋቋመና ቋሚ ሠራተኞች የነበሩት ነው። የአዲስ አበባ ቀበሌ ግን የነዋሪዎች ማኅበር ነበር፤ ጎረቤት ጎረቤቱን እንዲጠብቅ፣ እንዲይዝና እንዲቀጣ የተደረገበት። በዚህ ረገድ እ.ኤ.አ. መስከረም 28 ቀን 1960 በኩባ ከተቋቋሙት የአብዮት መከላከያ ኮሚቴዎች ጋር ይቀራረባል።

በኢትዮጵያ የተማከለ የደኅንነት መሥሪያ ቤት የተጠናከረው ከቀይ ሽብር በኋላ ነው። በኮሎኔል ተስፋዬ ወልደ ሥላሴ የተመራው የሕዝብ ደኅንነት ሚኒስቴር በምሥራቅ ጀርመን ባለሙያዎች እገዛ ተደራጅቷል። ኅዳር 1971 ዓ.ም. ከሶቪየት ኅብረት ጋር የወዳጅነትና የትብብር ውል ተፈረመ። በ1970ዎቹ አጋማሽ የሌኒን ሐውልት ከአፍሪካ አዳራሽ አጠገብ ቆመ። ሐውልቱ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው ከወጡ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ግንቦት 15 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ተነሥቷል።

ከቀይ ሽብር በኋላ

ከ1971 ዓ.ም. በኋላ የጎዳና ላይ ግድያ ቢቆምም የቀበሌ ቁጥጥር በሌላ መልክ ቀጠለ። በ1973 ዓ.ም. የወጣ አዋጅ የማኅበራቱን ተግባር በዝርዝር ደነገገ። ቀበሌ ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን ይመዘግባል፤ ስኳር፣ ጤፍና ሳሙና በቀበሌ ኅብረት ሱቅ ይታደላሉ፤ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በቀበሌ አዳራሽ ይካሄዳል። ዘመቻው ብዙ ሕዝብ ከመሐይምነት እንዲላቀቅ ያስቻለና ዓለም አቀፍ እውቅና ያገኘ ሥራ መሆኑ አይካድም።

በዚያው መጠን ያለ ቀበሌ ድጋፍ ደብዳቤ ሥራ መቀጠር፣ ከከተማ ወጥቶ መንቀሳቀስም ሆነ ልጅን ትምህርት ቤት ማስገባት አዳጋች ሆነ። ብሔራዊ ውትድርና በ1975 ዓ.ም. ከታወጀ በኋላም ለጦር ግንባር ወጣቶችን የመመልመልና የማቅረብ ኮታ የተጣለው በቀበሌ ላይ ነበር። በኮታ ጊዜ ይደረግ የነበረው አፈሳ ነዋሪው ከቀበሌ ጋር የነበረውን ግንኙነት እስከ ሥርዓቱ ፍጻሜ ድረስ በፍርሃት የታጠረ አድርጎታል። ስኳር ለመውሰድ የሚሰለፍባት ደጃፍና ልጁ የሚወሰድባት ደጃፍ አንድ ነበረች።

ተጠያቂነት

በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 22/1984 የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። ጽሕፈት ቤቱ ምስክሮችን ከመስማት ባሻገር በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ገጽ የመንግሥት ሰነድ ሰብስቧል። ከአርጀንቲና የመጡ የፎረንሲክ ሥነ ሰብእ ባለሙያዎች የጅምላ መቃብሮችን በመክፈትና የሟቾችን ማንነት በመለየት ረድተዋል። ክሱ የተመሠረተው በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281 ላይ ነው። አንቀጹ የዘር ማጥፋት ወንጀል በፖለቲካ ቡድን ላይ የሚፈጸመውንም እንዲጨምር አድርጎ የተደነገገ ነበር።

የሰነዶቹ ብዛት ለመንግሥት ሠራተኛ ልዩ ትርጉም አለው። የእስረኞች ዝርዝር፣ የማስተላለፊያ ደብዳቤ፣ የቃለ ጉባኤ መዝገብና «እርምጃ ተወስዶበታል» የሚል ማስታወሻ በሚመለከታቸው ኃላፊዎች ተፈርመውና ማኅተም ተደርጎባቸው በፋይል ተቀምጠው ተገኝተዋል። ሥርዓቱን ለማገልገል የተያዙት መዝገቦች ከዓመታት በኋላ የፈራሚዎቹ ማስረጃ ሆነው ቀርበዋል። «ታዝዤ ነው» የሚለው መከራከሪያም በፍርድ ቤት ነፃ አላወጣም።

የደርግ ከፍተኛ ባለሥልጣናት የፍርድ ሂደት ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. ተጀመረ። በልዩ ዐቃቤ ሕግ የተከሰሱት በጠቅላላው 5,198 ሰዎች ሲሆኑ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሌሉበት የተከሰሱ ናቸው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ሌሎች ባለሥልጣናት ጥፋተኛ ተባሉ። ጥር 3 ቀን የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው። ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የዐቃቤ ሕግን ይግባኝ ተቀብሎ ቅጣቱን ወደ ሞት ከፍ አደረገ። ግንቦት 2003 ዓ.ም. ደግሞ በእስር ላይ የነበሩት ባለሥልጣናት የሞት ቅጣት በፕሬዚዳንቱ ውሳኔ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ።

የከፍተኛና የቀበሌ ኃላፊዎች ተጠያቂነት ከአገር ውጭም ተከትሏቸዋል። በአዲስ አበባ የከፍተኛ 9 ሊቀመንበር የነበረው ቀልቤሳ ነገዎ በአሜሪካ አትላንታ በአንድ ሆቴል ተቀጥሮ ሲሠራ፣ በዚያው ሆቴል በምትሠራ የቀድሞ እስረኛ ታወቀ። ሦስት ኢትዮጵያውያት ባቀረቡት የፍትሐ ብሔር ክስ ፍርድ ቤቱ በ1985 ዓ.ም. በድምሩ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንዲከፍላቸው ወሰነ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ1988 ዓ.ም. ውሳኔውን አጸና። ቀልቤሳ በኢትዮጵያ በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበት ስለነበር ጥቅምት 1999 ዓ.ም. ከአሜሪካ ተባርሮ ለኢትዮጵያ ተላልፎ ተሰጥቷል። በጎጃም የደርግ ተወካይ የነበረው እሸቱ ዓለሙም ታኅሣሥ 6 ቀን 2010 ዓ.ም. በኔዘርላንድስ ፍርድ ቤት በጦር ወንጀል ጥፋተኛ ተብሎ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበታል።

በሕግ የተደረጉ ለውጦች

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት ከላይ ለተዘረዘሩት ተግባራት በየፈርጁ ምላሽ የሚሰጡ ድንጋጌዎች አሉት። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓታት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። አንቀጽ 26 የመኖሪያ ቤትን፣ የንብረትንና የደብዳቤን አለመደፈር ይደነግጋል። አንቀጽ 28 ያለ ፍርድ መግደልን፣ አስገድዶ መሰወርንና ኢሰብአዊ የድብደባ ድርጊትን በመሰሉ በሰብእና ላይ በሚፈጸሙ ወንጀሎች ክስ የማቅረብ መብት በይርጋ እንደማይታገድ፣ በምሕረት ወይም በይቅርታም እንደማይታለፍ ይገልጻል። አንቀጽ 78 ደግሞ የመዳኘት ሥልጣንን ከመደበኛ ፍርድ ቤቶች የሚያወጣ ልዩ ወይም ጊዜያዊ ፍርድ ቤት እንዳይቋቋም ይከለክላል።

በአዲስ አበባ ደረጃም በ1995 ዓ.ም. የወጣው የከተማ አስተዳደሩ ቻርተር የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤቶችን ሥልጣን እስከ 5,000 ብር በሚደርሱ የንብረትና የገንዘብ ክርክሮች ላይ እንዲያተኩር አድርጎ ነበር። በመሆኑም የደርግ ዘመን ሸንጎ የነበረው የወንጀልና የፖለቲካ ሚና በዚህ አደረጃጀት አልቀጠለም።

ድንጋጌዎቹ በሥራ ላይ የሚውሉት ግን በየዕለቱ በሚወሰኑ ጥቃቅን ውሳኔዎች ነው። የነዋሪ መዝገብ ለምን ዓላማ እንደሚሰጥ፣ መታወቂያ በምን ምክንያት እንደሚከለከል፣ የጸጥታ ኃላፊው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ምን ማድረግ እንደማይችልና አቤቱታ ለማን እንደሚቀርብ የሚወስነው ከነዋሪው ፊት ለፊት የተቀመጠው ሠራተኛ ነው። የ1969 ዓ.ም. ታሪክ እንደሚያሳየው ቤት የሚያከራየው፣ ራሽን የሚያድለው፣ የሚያስረውና የሚፈርደው አካል አንድ በሆነ ጊዜ የተበደለ ሰው አቤት የሚልበት ሌላ በር አይኖረውም።

የታሪኩ ሥፍራዎች ዛሬ

ከርቸሌ ፈርሶ በቦታው ጥር 2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ዋና ጽሕፈት ቤት ተሠርቷል። ማዕከላዊ ምርመራ በ2010 ዓ.ም. ተዘግቷል። የካዛንቺስ አሮጌ መንደሮችም በ2017 ዓ.ም. በተካሄደው የኮሪደርና የመልሶ ማልማት ሥራ በብዛት ተነሥተው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛውረዋል። በእነዚህ መንደሮች ለጽሕፈት ቤትና ለእስር ያገለገሉ ብዙ ቤቶች አብረው ጠፍተዋል።

የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ ማዕዘን ላይ ተመርቆ ተከፍቷል። በውስጡ ከጅምላ መቃብር የወጡ የሰማዕታት አፅሞች፣ ልብሶቻቸውና የግል ዕቃዎቻቸው፣ የቤተሰብ ፎቶግራፎቻቸውና የዘመኑ ሰነዶች ይገኛሉ። ከጎብኚዎቹ መካከል የወንድሞቻቸውን፣ የእኅቶቻቸውንና የልጆቻቸውን ምስል በግድግዳው ላይ ፈልገው የሚያገኙ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች አሉ። ሙዚየሙ የሚገኘው መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. ጠርሙሶቹን ከሰበሩበት አደባባይ ዳር ነው።